ውል የፈረሙ ፍቅረኞች

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ጥብቅና ቆሜአለሁ፤ አብዛኛው መዝገቤ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ነበር። ሁለት የተማሩ ሰዎች በአንድ የቡና ረከቦት ምክንያት ሦስት ቀጠሮ ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ ለእኔና ለተቃራኒው ጠበቃ የከፈሉት ገንዘብ ሠላሳ ረከቦት ይገዛ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያረጀ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ ያያል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም እንዳልጠረጠር ብዙ ተጠንቅቄ ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ባለቤቴ ናት። ትንሿ ልጃችን በፍላሽ ጭና ያመጣችላትን ድራማ ሳሎን ተቀምጣ ታያለች፤ እኔ ከጎኗ መዝገብ ዘርግቼ የማነብ እመስላለሁ። በሦስተኛው ምሽት ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ «ገጹን ከገለበጥክ እኮ አንድ ሰዓት አለፈ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ቢሮ ትቼው እመጣለሁ።

ቢሮዬ ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶች ስለነዚህ ድራማዎች ሲያወሩ እኔ ስገባ ጸጥ ይላሉ። አንዷ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሆና «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» አለችኝ። ይህን መቃወሚያ አልተቀበልኩትም። በሙያዬ ዓይን ስመለከተው ነገሩ ብዙ የሚነበብበት ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኤምቢሲ ጣቢያ የታየውን «ስሜ ኪም ሳም-ሱን ነው» የተባለውን ድራማ ውሰዱ። የመጨረሻው ክፍል በታየበት ምሽት የተመልካቹ ድርሻ ከ50 በመቶ አልፎ ነበር። ባለታሪኳ ኬክ ጋጋሪ ናት፤ ሠላሳ የሞላት፣ ወፈር ያለች፣ አፏ የማያርፍ፣ በገና ዋዜማ ፍቅረኛዋ የከዳት። ስሟን አምርራ ትጠላዋለች። ሳም ማለት ሦስት ነው፤ ሦስተኛ ሴት ልጅ ሆና በመወለዷ የወጣላት፣ ጊዜ ያለፈበት ስም ነው። አሠሪዋ የሀብታም ልጅ ነው፤ እናቱ እጩ ሚስት እየደረደረች አላስቀምጥ ብላዋለች። የሴትዮዋ ቤተሰብ ቤት ደግሞ በዕዳ ሊሄድ ነው። እናም እሱ 50 ሚሊዮን ዎን ይሰጣታል፣ እሷ ፍቅረኛው መስላ ትቀርባለች፤ ይህንንም በውል ያደርጉታል።

እዚህ ላይ የእኔ ሳቅ ከባለቤቴ ቀደመ። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1716 መሠረት ከሕግ ወይም ከሞራል ጋር የሚቃረን ግዴታ ያለበት ውል ውጤት የለውም። እናትን ለማታለል የተገባ ውል ይዤ ዳኛ ፊት አልቆምም።

ነገር ግን የውሉ ነገር በአንድ ድራማ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታየ ሌላ ድራማ፣ የባንክ ዕዳ ያለበት የቤት ባለንብረትና ማደሪያ ያጣች የድራማ ጽሑፍ ረዳት ይጋባሉ። እሱ የሚፈልገው ኪራይ በሰዓቱ የሚከፍል፣ ቆሻሻ በየዓይነቱ ለይቶ የሚጥልና ድመቱን የማያስርብ ሰው ነው። በሴኡል ቤት ለመከራየት ብዙ ጊዜ ጠቀም ያለ የመያዣ ገንዘብ ስለሚጠየቅ፣ ለእሷም ጋብቻው ከኪራይ ይልቅ ርካሽ ሆኗል። ፍቅር የሚባል ነገር በውሉ ውስጥ አልተጻፈም። የሚያስቀውም ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች ልባቸው እንዳይገባ አጥር ሲያጥሩ፣ ከዚያ አጥሩ በየዕለቱ አንድ አንድ እንጨት ሲወልቅበት እናያለን። አንዱ ሲታመም ሌላው የሩዝ ገንፎ ያበስላል። ዝናብ ሲመጣ አንዱ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የሰከረችውን አዝሎ ዳገት የሚወጣ ወንድ ያላየሁበት ድራማ ትንሽ ነው።

ለእኔ ይህ የሥራዬ ግልባጭ ነው። ደንበኞቼ ሲጋቡ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሚዜው፣ ስለ ቪዲዮ ቀራጩ ሁሉ በደንብ ተነጋግረው ነበር። ማን ለማን እናት ስንት እንደሚልክ፣ ሲናደዱ ማን እንደሚያኮርፍና ለስንት ቀን፣ ሳህኑ ማታ ይታጠብ ወይስ ጠዋት፣ ይህን አልተነጋገሩም። ያንን ንግግር የጀመሩት እኔ ቢሮ ተቀምጠው፣ እየከፈሉኝ ነው። በድራማው ግን ሁለቱ ባዕዳን ከመዋደዳቸው በፊት ስለ ሳህን ይጨቃጨቃሉ። እናንተም ከሠርጉ በፊት ስለ ሳህኑ ተጨቃጨቁ፤ የኔ ቢጤ ጠበቃ ገበያው ቢቀንስበት ግድ የለም።

ደግሞ አትቸኩሉ። ድራማዎቹ በአብዛኛው 16 ክፍል ናቸው፤ በሳምንት ሁለት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምትጽፋቸው አንዲት ደራሲ ናት፤ ደራሲዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸውና። በአራተኛው ክፍል እጅ ለእጅ ተነካኩ ማለት ትልቅ ዜና ነው። የልምምድ ተማሪዎቼ በስልካቸው አፍጥነው እንደሚያዩት ስሰማ ደነገጥኩ። አቦልና ቶናን ዘሎ በረካን እንደ መጠጣት ነው።

የምፈርድባቸው ነገርም አለ። በቆዩት ድራማዎች ወንዱ የሴቲቱን እጅ አንጓ አፈፍ አድርጎ እየጎተተ ይወስዳታል፤ ሙዚቃም ይገባል። በእኔ መዝገብ ይህ ቦታ የሙዚቃ አልነበረም፤ የሕክምና ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ ነበር። በቅርብ ዓመታት በሠሯቸው ላይ ወንዱ እጇን ከመያዙ በፊት ሲጠይቅ እያየሁ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ወንዶች ልጆቼ ይህኛውን ተመልከቱ። ቼቦል ስለሚሏቸው የኩባንያ ወራሾች ደግሞ ብዙ አልልም። ሀብቱ ለታሪኩ እንደ ሠርግ ድንኳን ነው፤ ሲያበቃ ይነቀላል፤ ጠብቃችሁት እንዳታረጁ።

አንድ ድራማ ግን አጥሩ አልፈርስ ብሎ አስቸግሮኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የጀመረው፣ የደቡብ ኮሪያ የኩባንያ ወራሽ በፓራሹት መሰል ክንፍ ስትበር ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮሪያ የሚጥላት ነው። የሚያገኛት የሰሜኑ ጦር መኮንን ነው። የመንደሩ ሴቶች ወሬ፣ የወታደሮቹ ሞኝነት ሁሉ ያስቃል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው አጥር እውነተኛ ሽቦና ፈንጂ ነው፤ ደራሲዋም አላፈረሰችውም። በመጨረሻ የሚገናኙት በዓመት ሁለት ሳምንት፣ ስዊዘርላንድ ነው። አጎቴ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመተ ወታደር ነበር። ስለዚያ አገር የሚያወራው ስለ ብርዱና ስለ ተራራዎቹ ብቻ ነበር፤ ሲስቅበት አይቼ አላውቅም። ያ ሽቦ በድራማው ላይ ሲታይ ባለቤቴ እያለቀሰች ትስቃለች፤ እኔ አጎቴን አስባለሁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የኮሪያ ቋንቋ እንደ እኛ አክብሮትን በግስ ላይ ያስራል። ጆንዴንማል የሚሉት የአክብሮት አነጋገር አለ፤ ባንማል የሚሉት ደግሞ የቅርበቱ። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ሁለቱን ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ፈረንጁ ተመልካች ትልቁን ነገር ሳያይ ያልፋል። እናንተ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ናችሁ፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገር ምን ያህል ወንዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ዮ» የምትለዋ ድምፅ ስትጠፋ ጆሮአችሁን አቁሙ፤ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ሴቲቱ «ኦፓ» ብላ ስትጠራውም እንዲሁ፤ ቃሉ ለታላቅ ወንድም ነው፣ ግን ለፍቅረኛም ይባላል። የእኛ «ጋሼ» ከወንድምነት ወደ ባልነት የተሻገረባቸውን ቤቶች አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በታየ ድራማ አንዲት ጸሐፊ ለዘጠኝ ዓመት ያገለገለችውን አለቃ ታፈቅራለች። ከተዋደዱም በኋላ «ምክትል ሊቀመንበር» የሚለው ማዕረግ ከአፏ አልወጣ ይላታል። ባለቤቴ እዚያ ላይ ድራማውን አቁማ፣ «የእናትህን ነገር ንገረኝ» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

እናቴ አባቴን ዕድሜዋን ሁሉ «እርስዎ» ስትል ኖራለች። አንድ ክረምት አባቴ የሚያፈስ ጣሪያ ሊጠግን መሰላል ላይ ሳለ እግሩ ከዳው። እናቴ ከጓሮ ሆና «አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። አባቴ ቆርቆሮውን ይዞ ተረፈ፤ ወርዶም ምንም አላለም፤ እሷም ሻሿን አስተካክላ «ምሳ ይቅረብልዎ?» አለችው። በዚያው ሳምንት፣ ጠብታ የማያፈስሰውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ጠገነው።