ዓሣዋ ወለደች እንበል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኖርዌይ ነው። ለልጆች ስለ ኮድ ዓሣ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ዓሣዋ ትወልዳለች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ትፈለፍላለች በይ» አለችኝ። የቱ ይሻላል? ትንሹንስ ዓሣ «ጫጩት» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ «እንቁላል ትጥላለች» ይበሉ። መውለድ ሽሉ እናቱ ሆድ ውስጥ አድጎ ሲወጣ ነው። ባሕር ውስጥም የሚወልዱ አሉ፤ አንዳንድ የሻርክ ዝርያዎች ይወልዳሉ። ለኮድም «ወለደች» ካልን ለእነሱ ምን ልንል ነው?

«ትፈለፍላለች» የሚለው ደግሞ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዶሮ ጫጩት ፈለፈለች እንላለን። 21 ቀን ታቅፋ፣ አሙቃ፣ እንቁላሉን እያገላበጠች ነው ያወጣቻቸው። ሥራው የእሷ ነው። በቆሎ ሲፈለፈልም እንዲሁ የሚፈለፍል እጅ አለ።

ሴቷ ኮድ ግን አትታቀፍም። የምታድገው በስተሰሜን፣ በባረንትስ ባሕር ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ሲሞላት ወደ ኖርዌይ ጠረፍ፣ በተለይ ወደ ሎፎተን ደሴቶች ትወርዳለች። እዚያ በየካቲትና በመጋቢት እንቁላሏን ውሃው ውስጥ ትለቃለች። ወንዱም ዘሩን ይለቃል። ትልቅ ከሆነች በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥልና ትታው ትመለሳለች። 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው እንቁላል ይንሳፈፋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም ማንም ሳይነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ እናቲቱ «ፈለፈለች» አይባልም፤ እንቁላሉ «ተፈለፈለ» ነው የሚባለው። አንዲት «ተ» ባለቤቱን ትለውጣለች።

እግረ መንገዴን፣ ወሩን ስሙን ጠርተው ይጻፉት። «በክረምት» ካሉ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሐምሌና ነሐሴን ነው የሚያስበው።

«ጫጩት» ይቻላል። አገር ቤት ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች «የዓሣ ጫጩት» ይላሉ፤ ቃሉ ተለምዷል። እኔ ግን ገና እንደተፈለፈለ «እጭ» ብለው ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ያኔ ሆዱ ሥር አስኳሉን እንዳንጠለጠለ ነው፤ ዓሣም አይመስልም። የባሕሩ ፍሰት ወደ ሰሜን፣ ወደ ባረንትስ ይወስደዋል። መልኩ የዓሣ ሲሆን «ጫጩት» ይበሉት።

ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ «ኮድ ዓሣ» ብለው ሙሉውን ይጻፉ። «ኮድ» ብቻውን ሲሆን ብዙ ሰው የመኪና ታርጋ ነው የሚመጣበት።

ጉዞዋንም «ስደት» እንዳይሉት አደራ። በየዓመቱ ደርሳ ትመለሳለች እንጂ ተሰዳ አትቀርም። ኖርዌጂያኖች እንቁላል ልትጥል የምትወርደውን ኮድ «ስክሬይ» ይሏታል። መጓዝ፣ መዘዋወር ከሚል ከጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ግስ የመጣ ስም ነው። ልጆቹ ቃሉን ሰፈር ውስጥና ዓሣ መሸጫው ጋ ይሰሙታልና፣ «ተጓዧ» ማለት እንደሆነ አንድ መስመር ቢጨምሩላቸው ደስ ይለኛል።