ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቅቤ ብተው የአንጀት ካንሰር ይርቀኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 43 ነው። አባቴ ያረፉት በትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፤ በሽታው ሲገኝባቸው 54 ዓመታቸው ነበር። ባለፈው ወር ስመረመር መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል 172 ሆኖ ተገኘና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን ታዘዘልኝ። ካንሰር ኮሌስትሮል እየተመገበ ያድጋል ሲባል ስለሰማሁ ቅቤና እንቁላል እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። መድኃኒቱን እጥፍ አድርጌ ብወስድ ከካንሰር ይጠብቀኛል? በኪንታሮት ምክንያት አልፎ አልፎ ደም ከማየቴ በቀር ደኅና ነኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔን ያሳሰበኝ 172 ሳይሆን መጨረሻ ላይ በጨረፍታ ያነሱት ደም ነው። እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ።

የሰሙት ነገር መሠረት አለው። ኮሌስትሮል በውሃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ አይችልም፤ ጉበት ከፕሮቲን ጋር ጠቅልሎ ይልከዋል። የምርመራ ወረቀትዎ ላይ ኤልዲኤል የተባለው፣ መጥፎ ያሉት ኮሌስትሮል፣ ይኸው ጭነት ነው። ሕዋሳት ጭነቱን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን በር ጨምሮ ስለ ኮሌስትሮል አሠራር ባገኙት ዕውቀት ነው። የገባውን ጭነት ሌሎች ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ ወደሚፈለግበት ያደርሱታል።

ሰፈርዎ ሲገነባ ያዩትን ያስታውሱ። ብሎኬት የሚደረድር ሁሉ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ሕዋስም ለሁለት ሲከፈል ለአዲሱ ሽፋኑ ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። የካንሰር ሕዋስ ያለ ፕላንና ያለ ዕረፍት ስለሚገነባ ፍላጎቱ ብዙ ነው፤ ተመራማሪዎች የማጓጓዣ መንገዱን በመድኃኒት ለመዝጋት የሚጥሩትም ለዚህ ነው።

ቅቤ በመተው ግን ካንሰርን ማስራብ አይቻልም። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ የጾመ ሰው ደሙ ቢመረመር ኮሌስትሮል ይገኝበታል፤ አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነውና። የካንሰር ሕዋስም ከደም የሚያገኘው ቢያንሰው ራሱ ያመርታል። (በነገራችን ላይ በጾም ምግብ የሚበዛው የሚረጋ ዘይት ኮሌስትሮል ባይኖረውም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል።) እንዲያውም ካንሰር ውስጥ ለውስጥ ሲያድግ የደም ኮሌስትሮል ሊቀንስ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ወረደ ብለው ስለ አንጀትዎ እንዳይዘናጉ።

አቶርቫስታቲን የታዘዘልዎ ለልብዎና ለአንጎልዎ ደም ሥሮች ነው፤ ለእነርሱ ጥቅሙ የተረጋገጠ ስለሆነ አያቋርጡት። የአንጀት ካንሰርን ስለመከላከሉ ግን የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ እኔም ለዚህ ብዬ አላዝዘውም። በራስዎ ውሳኔ እጥፍ አድርገው አይውሰዱት፤ መጠኑ ሲጨምር ጡንቻና ጉበት ላይ የሚያመጣው ጉዳትም ይጨምራል።

አሁን ወደ ደሙ። አንድ ታካሚዬ አራት ባዶ የኪንታሮት ቅባት ቱቦዎች ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀባ ከርሟል። ኪንታሮት እንዳለበት እውነት ነበር። ከኪንታሮቱ በላይ ግን ዕጢ ነበር፤ የሚደማውም እርሱ ነበር። ያንን ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ዓመቱን ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ብዬ።

እርስዎ ደግሞ የአባትዎ ታሪክ አለ። ወላጁ ከ60 ዓመት በፊት በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው ምንም ሳያመው እንኳን ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በሚያሳየው ምርመራ፣ መታየት አለበት፤ እርስዎ ሦስት ዓመት አልፎዎታል። ደሙ በዓይን እየታየ ስለሆነ የሰገራ ምርመራ ነጻ ነዎት ቢልዎት እንኳን አይበቃም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስለ አባትዎም ስለ ደሙም ይንገሩት፣ የደም ማነስም ይታይልዎ። ሰገራዎ ከጠቆረ፣ ድርቀትና ተቅማጥ ከተፈራረቁብዎ ወይም ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ ይህንንም አይደብቁት።

ኮሎኖስኮፒ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይሠራል። ከባዱ ነገር ከዋዜማው ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ እየወሰዱ አንጀትን በሚያጥበው መድኃኒት ምክንያት መጸዳጃ ቤት መመላለስ ነው። ፖሊፕ የምንለው ትንሽ እብጠት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው በሽቦ ቀለበት ተቆርጦ ይወጣል። ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ገና ፖሊፕ ሳለ ልንቀድመው እንችላለን።

ወንድም ወይም እህት ካለዎት ይህን ደብዳቤ ያሳዩአቸው፤ አባታቸው ነበሩና።