ፒዲኤፉ ይወርዳል፣ ግን አይከፈትም

ወንድሜ፣ ዌብሳይት በሚሠራበት የኮድ ቋንቋ በፒኤችፒ የምታወጣው የፒዲኤፍ ደረሰኝ በደንብ ይወርድና አክሮባት ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል ብለህ ለጠየቅከው ነው። በዚህች ነገር እኔም ሁለት ሌሊት አሳልፌያለሁ።

ፒዲኤፉን የሚሠራልህን ዝግጁ ኮድ፣ ላይብረሪውን፣ ለጊዜው አትንካው። እኔ የደከምኩት እዚያ ላይ ነው። ቨርዥን ቀየርኩ፣ ፎንት ቀየርኩ፣ ሎጎውን አወጣሁ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ «በኖትፓድ ከፍተህ አይተኸዋል?» አለኝ። ፒዲኤፍን በኖትፓድ ማን ይከፍታል!

ስከፍተው ጉዱ ወጣ። ፋይሉ በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ፊደላት መጀመር ነበረበት። የእኔ ግን የጀመረው በፒኤችፒ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መስመር 43 ላይ ያለው ቫሪያብል አይታወቅም ይላል። ገጽ ላይ ቢወጣ ኖሮ ወዲያው አየው ነበር። ከፋይሉ በፊት ለብራውዘሩ የሚላከው መግለጫ፣ ሄደሩ፣ ቀድሞ «የምልክልህ ፒዲኤፍ ነው» ስላለው፣ ብራውዘሩ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው? ፒዲኤፍ መጨረሻው አካባቢ ማውጫ አለው። እያንዳንዱ ክፍል ከፋይሉ መነሻ ስንት ባይት ላይ እንዳለ የተጻፈው እዚያ ነው። ከፊት 100 ባይት ከተጨመረ ማውጫው በሙሉ በ100 ይስታል። አንዳንዱ ማንበቢያ እንደምንም አስተካክሎ ይከፍተዋል፣ ሌላው እምቢ ይላል። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ አይሠራም» የሚባለው ጭቅጭቅም አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ ካላገኘህ ቦምን ጠርጥር፤ ኤዲተሩ የጽሑፉን ኢንኮዲንግ ለመጠቆም ፋይሉ አናት ላይ የሚያስቀምጣት ስውር ምልክት ናት። «ዩቲኤፍ 8 ከቦም ጋር» ተብሎ ሴቭ የተደረገ ኮድ ከፊት 3 ባይት ይለጥፋል፣ በዓይን አይታይም። የፒኤችፒ ፋይሎችህን፣ ኢንክሉድ እያደረግህ ከሌላ ፋይል የምታስገባቸውንም ጭምር፣ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈትና ኢንኮዲንጉን ያለ ቦም አድርገህ ሴቭ አድርጋቸው። ከፒኤችፒ መዝጊያ ታግ (?>) በኋላ የተረሳ ባዶ መስመርም ያው ነው። እኔ መዝጊያውን ጭራሽ አልጽፍም።

ቫሪያብሉን ካስተካከልኩ በኋላ ስህተቶች ወደ ሎግ፣ ማለትም ወደ መዝገብ ፋይሉ፣ ብቻ እንዲሄዱ አደረግኩ። ፒዲኤፉን ከመላኬ በፊት በፈሩን፣ ማለትም ለመላክ የተጠራቀመውን ውጤት፣ አጸዳለሁ፤ እንደላክሁ ደግሞ በኤግዚት ኮዱን እዚያው አቆማለሁ።

አናቱ ንጹህ ሆኖ ጭራው ላይ የፋይሉን ማብቂያ የሚያሳየው «ኢኦኤፍ» ከሌለ ግን ፋይሉ መንገድ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ያኔ የፋይሉን መጠን የሚናገረውን የላክኸውን ኮንቴንት ሌንግዝ ሄደር፣ የፒኤችፒን የሜሞሪ ገደብና በተለምዶ 30 ሰከንድ የሆነውን የጊዜ ገደቡን እይ።

እስቲ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ኮፒ አድርገህ እዚህ ለጥፍልን።