እናቴ ዋርፋሪን እየወሰደች ነው፤ ጾሙንስ እንዴት ታድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። እናቴ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ጀምሮ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክኒን፣ ዋርፋሪንን ትወስዳለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ምግቧ ሁሉ ጎመንና ቆስጣ ሆነ። በቀደም ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራዋ (አይ.ኤን.አር.) ወርዶ ተገኘ፤ ሐኪሙም «ጎመን አብዝተዋል» አላት። እሷ ግን «ጎመን ከተከለከልኩ በምን ልጹም?» ብላ ተቆጣች። ጭራሽ ክኒኑም ጾም ያስገድፋል እያለች አንዳንድ ቀን ትዘለዋለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እኅቴ። ከክኒኑ ልጀምር፤ የሚያስፈራው እሱ ነውና። ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ዋርፋሪን ሲዘል ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋል። እንዲህ የምታዝን ቤተ ክርስቲያን በአንዲት ክኒን አትጣላም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም አንብቢላቸው፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። ለመቁረብ ሲዘጋጁ ስለ ሰዓቱ ንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ እንጂ በራሳቸው አይዝለሉ።

ወደ ጎመኑ እንምጣ። «ጎመን በጤና» እየተባልን ላደግን ሰዎች ነገሩ ግራ ያጋባል። ጉበታችን ደም የሚያረጉ ነገሮችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን ይህን ሥራ ይቃወማል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ በዚሁ ቫይታሚን የበለጸጉ ናቸው። ስለዚህ ድንገት ሲበዙ የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል። ጎመን ግን እርም አይደለም። ችግሩ መጠኑ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ይብሉ፤ ሌላውን ቀን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ አለ። ሐኪሙም የክኒኑን መጠን በዚያ ልክ ያስተካክላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፋሲካ ነው። በጾሙ ወቅት ዋርፋሪኑ ከፍ ተደርጎ ከሆነ፣ ሲፈታ ጎመኑ ይቀርና ዶሮው ይተካል። ያን ጊዜ ያው ክኒን ይበረታል፤ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ነስር፣ የድድ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ነው። በዚያ ላይ የበዓሉ ጠላና አረቄ አለ። ራሴን አመመኝ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌንም አለ። እነዚህ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ ደም ያፈሳሉ። ለጉንፋን ተብሎ በማር የሚላሰው ነጭ ሽንኩርትም ሲበዛ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል፤ ባህላዊ ነው ብላችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ አትለፉ። ጸበሉን ግን ይጠጡ፣ ይጠመቁ፤ ክኒኑን የሚያስጥል ምክንያት አይሁን። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል አስተምረዋል።

የጾምና የመድኃኒት ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በወሎ ጎረቤታሞች ነንና በረመዳንም ያው ጥያቄ ይነሳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒቱን ወስዶ በእኛ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ማፍጠሪያ ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣበት ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር ወዲያው ይቅመስ። ይህን ጾም መሻር የሚል ካህን አላውቅም።

ሐኪሙ እናትሽ ምን እንደሚበሉ የጠየቀው ምርመራው ከወረደ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ጭምር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አይ.ኤን.አር. እንዲመረመሩ ቀጠሮ ይያዝላቸው።