ላምባ ታርጋ የለውም

ልጆቼ፣ ፕላንና ፋይናንስ አካባቢ ሥራ የጀመራችሁም ኢኮኖሚክስ እየተማራችሁ ያላችሁም፣ በትራንስፖርት ታሪፍና በነዳጅ ዋጋ ሥራ ላይ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የነዳጅ ድጎማ መነሳቱ ልክ ነው፣ ትልቅ መኪና የሚነዳ ሰው ታንከሩን በሞላ ቁጥር አብዛኛውን ድጎማ የሚወስደው እኮ እሱ ነው። ግን ጭማሪው ማን ቤት ገብቶ እንደሚያርፍ ሳታዩ ካነሳችሁት ግፍ ነው የሚሆነው።

ሐምሌ 2014 የታለመ ድጎማ ሲጀመር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት መኪኖች ግን በታርጋቸው ተመዝግበው በቴሌብር እየከፈሉ ድጎማው ቀጠለላቸው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ደሃ ቤንዚን ባይቀዳም ታክሲ ይሳፈራላ። የረሳነው ላምባን ነው። ላምባ ታርጋ የለውም፣ ከናፍጣ እኩል 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆኖ አረፈው።

ያን ሰሞን ማደያ ቆሜ አንዲት እናት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዘው መጡ፣ ቀጂው ዋጋውን ሲነግራቸው መቀነታቸውን ፈቱና ብሩን ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ከዛ ቀስ ብለው "ግማሹን አርግልኝ ልጄ" አሉት። እኔ ቦርሳ ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ስንት ሺህ መኪና ነበር፣ እኚህ እናት ግን የሉበትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ታዲያ ላምባን ለብቻው እናርክሰው እንዳትሉ፣ ከናፍጣ ከረከሰ ነጋዴው ናፍጣ ውስጥ ይደባልቀዋል እንጂ እሳቸው ጋ አይደርስም። ብሩ በእጃቸው ይግባ። ኢራን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ዋጋ ስትጨምር መጀመሪያ ለየቤተሰቡ አካውንት ከፍታ በነፍስ ወከፍ በወር ከ400 ሺህ ሪያል በላይ አስገብታ ነው፣ ሰው ጭማሪውን ሲሰማ ገንዘቡን በዓይኑ አይቶ ነበር። የተሳሳቱት መጠኑን ለዓመታት እዛው ላይ ትተውት የኑሮ ውድነቱ ስለበላው ነው፣ እናንተ ይሄን አትድገሙት፣ ዋጋ ሲጨምር ክፍያውም አብሮ ይጨምር ብላችሁ ከመጀመሪያው ጻፉት። እኛ ጋ ለከተማ ደሃ ቤተሰብ ብር የሚከፍል የከተማ ሴፍቲኔት አለ፣ ቴሌብር አለ፣ ከዜሮ አትጀምሩም።

አሁን ቤንዚኑ 100 ብር ካለፈ ቆየ። ቀጣዩን ጭማሪ የምታጠኑ ልጆች ወረቀቱን ከመክፈታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጠዋት ማደያ ሂዱና ጀሪካንና ሃይላንድ ይዘው የተሰለፉትን ጠይቁ፣ በሳምንት ስንት ሊትር ነው፣ ለስንት ሰው ነው የሚበስለው፣ ሲያልቅስ ምን ታነድዳላችሁ በሏቸው።