የሚገዙት ምኑን ነው? ጌም ለምትሠሩ ወጣቶች

ጌም የሚሠሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። «ጋሼ፣ ትንሽ ስቱዲዮ ከፍተን አንድ ጥሩ ጌም ብንሠራ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት ወይም ሶኒ ቢገዛንስ?» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ያበራል። እኔ ጌም አልሠራም። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሲያትል አካባቢ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛ የተገዛውን ደመወዝ፣ ቦነስና ውል ወደ ገዢው መዝገብ በማዛወር ነው። ሰው ሁሉ ዜናው የወጣበትን ቀን ያውቃል። እኔ የማውቀው ማግስቱን ነው። ስለዚህ ምክሬም ከወረቀቱ በኩል ነው። (ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጆቹ ነው፤ የኛው ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

በመጀመሪያ፣ መሸጥ ነውር አይደለም። ማይንክራፍትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2014 ማይክሮሶፍት ጌሙን የሠራውን የስቶክሆልሙን ሞያንግ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ስቱዲዮው 40 ገደማ ሠራተኛ ብቻ ነበረው። ጌሙን የጀመረው ማርከስ ፐርሶን ሽያጩ እንዳለቀ ወጣ። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ሳይሆን የአእምሮው ሰላም ጉዳይ እንደሆነ ጻፈ። ያኔ ብዙ ሰው «በቃ፣ ማይንክራፍት አለቀለት» አለ። አላለቀለትም። በ2023 የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን አለፈ። የደከመው ሰውዬ አረፈ፣ ጌሙም ቀጠለ።

የሳን ፍራንሲስኮውን ስቱዲዮ ደብል ፋይንንም ተመልከቱ። ሳይኮኖትስ 2 የሚባለውን ጌም ከአድናቂዎች ገንዘብ አሰባስበው ጀመሩት። እየቆየ ገንዘቡ እያጠረ መጣና ከጌሙ ላይ ትልልቅ ፍልሚያዎችን ለመቁረጥ ተዘጋጅተው ነበር። በ2019 ማይክሮሶፍት ገዛቸው። ሊቆረጡ የነበሩት ተመለሱ፣ ጌሙም በ2021 ወጣ። ስለዚህ «ትልቅ ኩባንያ የነካው ሁሉ ይበላሻል» የሚላችሁን ሰው ዝም ብላችሁ አትመኑት።

አሁን ግን አንድ ስቱዲዮ ላይ ቆየት ልበል። ሰፈሬም ስለሆነ ጭምር ነው፤ ቢሮው ሲያትል አጠገብ ቤልቪው ነው። ባንጂ ይባላል።

ባንጂ በ1991 ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ። ሄሎ የሚባለውን ጌማቸውን በ1999 ለሕዝብ ያስተዋወቀው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ስቲቭ ጆብስ ነበር። በአፕል መድረክ ላይ፣ ለማክ ኮምፒውተር ተብሎ። በማግስቱ ዓመት ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ገዛው። ልጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው የማይክሮሶፍት መቀመጫ ወደሆነችው ሬድመንድ መጡ። በ2001 የማይክሮሶፍት ጌም መጫወቻ ማሽን ኤክስቦክስ ገበያ ላይ ሲወጣ ሄሎ አብሮት ወጣ። ያ ማሽን ብዙ ቤት የገባው በዚያ ጌም ምክንያት ነው።

በ2007 ባንጂዎች ራሳችንን እንቻል አሉ። ማይክሮሶፍትም አልከለከለም፤ በሰላም ተለያዩ። ሄሎ ግን አብሯቸው አልወጣም። ስሙም፣ ገጸ ባሕርዩም፣ ታሪኩም ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀረ። ማይክሮሶፍት ሄሎን የሚቀጥል ሌላ ስቱዲዮ አቋቋመ። ባንጂዎች ራሳቸው የፈጠሩትን ጌም ለባለቤቱ ጥቂት ዓመት ሠሩለትና በ2010 የመጨረሻውን አስረክበው ተሰናበቱ።

በዚያው ዓመት ሁለተኛ ውል ገቡ። አሁን ከአክቲቪዥን ጋር ነው። ዴስቲኒ የሚባል አዲስ ጌም ሊሠሩ ነው። አክቲቪዥን ገንዘብ ያወጣል፣ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። የጌሙ ባለቤትነት ግን የባንጂ ሆኖ እንዲቆይ ተጻፈ። በ2019 ሁለቱ ሲለያዩ ባንጂ ዴስቲኒን ይዞ ወጣ። ሁለቱን መለያየት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንደኛው ባዶ እጃቸውን ወጡ፣ በሌላኛው ጌማቸውን ይዘው። ልዩነቱ ባለቤትነቱ በማን ስም እንደተጻፈ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሦስተኛው ውል በጥር 2022 መጣ። ሶኒ ባንጂን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አሳወቀ። ከዚህ ውስጥ 1.2 ቢሊዮኑ ሠራተኛው እንዳይለቅ የተመደበ ማቆያ ነበር። ስቱዲዮው ራሱን ችሎ እንደሚቀጥልም ተነገረ። በ2023 መጨረሻ ሌይኦፍ፣ ማለትም የሠራተኛ ቅነሳ፣ መጣ። በሐምሌ 2024 ደግሞ 220 ሰው በአንድ ቀን ተሰናበተ፤ ከሠራተኛው 17 በመቶ ማለት ነው። የያኔው የባንጂ ኃላፊ ራሱ «ብዙ ፕሮጀክት ባንዴ ጀምረን አቅማችንን አልፈን ነበር» የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ አውጥቷል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ገዢው ላይ አልጭንም። ግን አያችሁ፣ ያ ሁሉ የማቆያ ገንዘብ ሠራተኛውን ያቆየው እንዳይለቅ ነው እንጂ እንዳይባረር አይደለም። ይህን ልዩነት ልብ በሉ። ማቆያ ሲሰጧችሁ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «እናንተ ብታሰናብቱኝስ? ያልደረሰው ይከፈለኛል ወይስ ይቃጠላል?» በሉ። ስሙን የማልጠራው አንድ አሠሪ ዘንድ የክፍያው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የተሰናበቱ ሰዎችን ሰነድ በእጄ ዘግቻለሁ። ሕጋዊ ነበር። ውሉ ላይ ስለ ስንብት የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ማንም ሊከራከር አልቻለም።

ሽያጭ በተነገረበት ቀን የሚሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ምንም አይለወጥም።» አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤቱ ሲሸጥ አዲሱ አከራይ «ኧረ ተቀመጡ፣ ማን ውጡ አላችሁ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ለልጄ ፈልጌው ነው» ይመጣል። አከራዩ ያኔ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ያኔ ልጁ ገና አላገባም ነበር። የኩባንያ ኃላፊዎችም እንደዚያው ናቸው። ሲናገሩ ብዙዎቹ ከልባቸው ነው። ከዚያ ኃላፊው ይቀየራል፣ የበላይ ቦርድ ሌላ ቁጥር ይፈልጋል፣ ወለድ ይጨምራል።

ወለድ ያልኩት ለወጉ አይደለም። በ2020 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ወለድ ከምንም አይቆጠርም ነበር፣ ሰውም ቤቱ ተዘግቶበት ጌም ይጫወታል። ትልልቆቹ ስቱዲዮ ለቀሙ። ማይክሮሶፍት የጌም አሳታሚውን የቤተስዳን ባለቤት ዜኒማክስን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ቀጥሎ አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን። ይህኛው በጥቅምት 2023 ተጠናቀቀ። በመሐሉ ወለዱ ጨምሯል። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በጥር 2024፣ ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው እንደሚሰናበት ተነገረ።

ከዜኒማክስ ጋር አብሮ የተገዛ ታንጎ የሚባል የቶኪዮ ስቱዲዮ ነበር። በጥር 2023 ሃይ-ፋይ ረሽ የሚባል፣ ሁሉ ነገር በሙዚቃ ምት የሚንቀሳቀስበት ጌም አወጣ። ሰው ወደደው። ከኤክስቦክስ ኃላፊዎች አንዱ በሁሉም መለኪያ እንደተሳካላቸው በአደባባይ ተናገረ። በሚያዝያ 2024 በአኒሜሽኑ ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ ሽልማት አገኘ። በግንቦት ስቱዲዮው እንዲዘጋ ተወሰነ። ጥሩ ጌም ከሠራን ማን ይነካናል ለምትሉ ይህን ነው የምነግራችሁ። ደግነቱ በዚያው ዓመት ክራፍተን የሚባል የኮሪያ ኩባንያ ቡድኑንና ሃይ-ፋይ ረሽን ተረከበ። የታንጎ ሌሎቹ ጌሞች ግን ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀሩ። እዚህም ቤት ያው ነው፤ ሰው ሌላ፣ ንብረት ሌላ።

ገዢው ለምን እንደፈለጋችሁ እወቁ። ብዙ ጊዜ ፍቅሩ ከጌማችሁ ጋር አይደለም፤ የራሱ ዕቅድ አለው፣ እናንተ ደግሞ ዕቅዱ ውስጥ ቀዳዳ የምትሞሉ ናችሁ። ጉግል ስታዲያ የሚባል በኢንተርኔት ጌም የሚያጫውት አገልግሎት ነበረው። አገልግሎቱ የራሱ ጌሞች ያስፈልጉት ነበርና በታኅሣሥ 2019 የሞንትሪያሉን ታይፉን ስቱዲዮ ገዛ። በየካቲት 2021 ጉግል የራሴን ጌም መሥራት ትቻለሁ አለ። ታይፉንም አብሮ ሄደ። ከመገዛት እስከ መዘጋት አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ነው። ስቱዲዮው የሠራው ነገር አልተመዘነም፤ ለመመዘን የሚበቃ ጊዜም አላገኘም። የወደቀው የገዢው ዕቅድ ነው።

የታይፉን ሰዎች ግን ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል። ራኩን ሎጂክ በሚል ስም እንደገና ተሰባሰቡ፣ ተደራደሩ፣ የመጀመሪያ ጌማቸውን መብት በእጃቸው አስገቡ። ተከታዩን ክፍል በ2025 አወጡ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም ይሠራል፤ ኩኩሉን የተጫወታችሁ ታውቃላችሁ። ማይክሮሶፍት ነገ ቦሌ መጥቶ በር ያንኳኳል ብዬ አላስብም። የወረቀቱ ጣጣ ግን ገዢ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚጀምረው፣ በጓደኛሞች መካከል። አራት ሆናችሁ ጌም ትጀምራላችሁ። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ አንዷ ትሥላለች፣ አንዱ ሙዚቃውን ይሠራል፣ አንዱ ሐሳቡን አመጣሁ ይላል (ሁልጊዜ አንድ እንዲህ ያለ አለ)። ምንም አትጻጻፉም። ጓደኛ ነና! በኋላ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገኝ፣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙዚቃው የማን ነው ብሎ ነው። ያ ልጅ በዚህ መሐል ካናዳ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምም ጥበቃ አለው። ተቀጣሪ በሥራው የሠራው ነገር፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው። ጓደኛሞች ግን ማን የማን ተቀጣሪ ነው? ስለዚህ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ዛሬውኑ ጻፉ። ማን ምን ሠራ፣ ድርሻው ስንት ነው፣ አንዱ ጥሎ ቢወጣ ድርሻው ምን ይሆናል። ድርሻውን በአንዴ ባትሰጡ ይሻላል። በዓመታት እየተከፋፈለ ይድረስ። በሁለተኛው ወር የወጣ ሰው ሩቡን ይዞ ሲሄድ፣ የቀሩት ሦስቱ ለእሱ ነው የሚሠሩት።

ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ የምትሠሩ፣ ሌላም ጣጣ አለባችሁ። ሥራ ሲቋረጥ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም ሁኔታችሁን ለማስተካከል ያላችሁ ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። የምትሠሩበት ስቱዲዮ ተገዛ የሚል ዜና ሲመጣ ኬኩን ብሉ፣ ፎቶውን ተነሡ፤ ግን በዚያው ሳምንት ሲቪያችሁን አድሱ። የሠራችሁበት ጌም ላይ ስማችሁ በትክክል መጻፉንም አረጋግጡ። ስቱዲዮ ሲዘጋ «እዚህ ሠርቷል» ብሎ የሚመሰክር ቢሮ አይኖርም።

ባለቤት ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ገዢ ሲመጣ ዋናው ውል ከመምጣቱ በፊት አጠር ያለች ወረቀት ትመጣለች። የፍላጎት ደብዳቤ ይሏታል። ገና ምንም አልተስማማንም የምትል ትመስላለች። ውስጧ ግን ብዙ ጊዜ «ለዚህን ያህል ቀን ከሌላ ገዢ ጋር አትነጋገሩም» የሚል አንቀጽ አለ። እሷ ላይ ከፈረማችሁ በኋላ ሌላ ገዢ አለን ማለት አይቻልም፣ ጉልበታችሁም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «ስቱዲዮውን ከዘጋችሁት ጌማችንን መጀመሪያ እኛ መልሰን የመግዛት መብት እንፈልጋለን» የሚለውን ከዚያች ፊርማ በፊት አንሱት። የገዢው ጠበቃ አይቆጣም፣ ለምዶታል። ወይ እሺ ይላል፣ ወይ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ እንቢ ይላል። እንቢ ካለም ምን እንደሚገዛ አውቃችሁ ትፈርማላችሁ ወይም ትተዋላችሁ።