«ውሃ እንኳን አልወርድ አለኝ» ላለችው እህት

እህቴ መጀመሪያ እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አወጣሽ። ጥያቄሽን ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ በስልክ አጠር አድርጌ ልጽፍልሽ ጀምሬ አልሆን ሲለኝ ተውኩት፣ ዛሬ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው ስለዚ ከረዘመ ይቅርታ። ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰው የክብደት ሰርጀሪ) ከተሰራሽ 4ኛ ሳምንትሽ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከ3 ብርጭቆ በላይ ውሃ አይወርድልሽም፣ ፕሮቲን ሼኩ (ያ በዱቄት የሚበጠበጠው መጠጥ) ገና ሲሸትሽ ያቅለሸልሽሻል፣ ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽ ደግሞ ገንፎ ይዘው ከጎንሽ ቆመው ያለቅሳሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ግን እኮ አይርበኝም፣ ክብደቱም እየወረደ ነው፣ ታዲያ ለምን ራሴን አስገድዳለሁ» ብለሻል። እኔን ያስደነገጠችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ምክንያቱም እኔም ቃል በቃል እንደዛው ብዬ ነው ኢመርጀንሲ የገባሁት።

ሐኪም አይደለሁም ቀድሜ ልንገርሽ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ስሊቭ ከተሰራሁ 2 ዓመት ከ3 ወር ሆኖኛል። በ3ኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ኩባያ ሾርባና ጥቂት ውሃ ቀምሼ እውል ነበር፣ ማታ ሚዛን ላይ ስወጣ ደግሞ ቀንሷል፣ ደስ ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ ኩራት ቢጤም ነበረብኝ። እኛ እኮ ያደግነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የዋለ ጎበዝ ሲባል እየሰማን ነው፣ እናቴ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ስትጾም «እንዴት ያለች ጠንካራ» ሲሏት ነው የማውቀው፣ ታዲያ አለመብላት እንዴት ጥፋት ሊመስለኝ ይችላል? በልጅነቴ የተቆጡኝ በልቼ ነው እንጂ ሳልበላ ውዬ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

አራተኛው ቀን ላይ ከሶፋ ስነሳ ቤቱ ዞረብኝ፣ ሽንቴ የሻይ ቀለም ሆኗል፣ እሱም በቀን ሁለቴ ብቻ። ልቤ ዝም ብዬ ተቀምጬ ይደልቃል። ባሌ ነው ጎትቶ የወሰደኝ። ደግሞ የደም ግፊት ኪኒኔ ውሃ በሽንት የሚያስወጣው ዓይነት ነበር፣ ከሰርጀሪው በኋላ ማንም አላስቆመኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ እንደ ድሮው እውጠው ነበር፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ቀዳዳ እንደመጨመር ማለት ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ መጠኑ ይቀየር ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ራስሽ ግን እንዳታቆሚ።

እዛ የገባኝ አንድ ነገር አለ። እኛ ሀገር ሰው ሲደክመው «ግሉኮስ ይሰቀልለት» አይደል የምንለው፣ እኔም ቶሎ ግሉኮስ አድርጉልኝ ብዬ ነበር ነርሷን። እሷ ግን ስሊቭ መሰራቴን ስትሰማ መጀመሪያ ቫይታሚን ቢ1 ነው የሰጠችኝ። ለካ ሰውነት ቢ1 ጨርሶ ባለበት ሰዓት ስኳር ብቻ ከተሰጠ የቀረችውን ቢ1 ያሟጥጣታል፣ ያ ደግሞ አንጎልን ይጎዳል። ቢ1 ሰውነት ውስጥ ብዙ አይጠራቀምም፣ ጥቂት ሳምንት ሳይበሉ ወይ እያስመለሱ ከቆዩ ያልቃል። ስለዚ ማንም ከኛ መሃል እያስመለሰው ከቆየና ነገር መንታ መንታ ሆኖ ከታየው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወሬው ከተምታታበት፣ ኢመርጀንሲ ሄዶ በሩ ላይ «የክብደት ሰርጀሪ ተሰርቻለሁ፣ ቢ1 እዩልኝ» ማለት አለበት። ሁሉም ሐኪም ወዲያው አያስበውም።

አሁን ወደ «ካልራበኝ ለምን» ልመለስ። ስሊቭ ላይ ከጨጓራሽ ከ75 እስከ 80 ፐርሰንቱ ተቆርጦ ወጥቷል፣ የረሃብን ሆርሞን በብዛት የሚሰራው ክፍልም እዛው የተቆረጠው ላይ ነው። ስለዚ አለመራብሽ ሰውነትሽ ጠግቤያለሁ እያለሽ አይደለም፣ የሚጮኸው ነገር ነው የተነሳው። የቤንዚን ጌጁ የተበላሸ ሚኒባስ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ሹፌሩ ጌጅ አያይም፣ ስንት ምልልስ እንደሰራ ቆጥሮ ነው የሚቀዳው። አንቺም ለጊዜው እንደዛ ነሽ። ክብደቱ ደግሞ መውረዱን ይወርዳል፣ ጥያቄው ምንሽ ነው እየወረደ ያለው ነው፣ ፕሮቲን ካላገኘ ሰውነት ጡንቻሽንም ይበላል። እኔ ያኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላም በ4ኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ነው የረገፈው (እሱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ወር ደህና በልቶም ለብዙ ሰው ይመጣል፣ ይመለሳል፣ አትደንግጪ)።

መጠጡን እንዴት እንዳስተካከልኩት ልንገርሽ፣ ያዳነኝ የቡና ሲኒ ነው። ሳቂ ግን እውነቴን ነው። ዳይቲሽያኗ (የምግብ ባለሙያዋ) 64 ኦንስ በቀን፣ ማለትም ወደ 2 ሊትር ጠጪ ስትለኝ ትልቅ ላስቲክ ጠርሙስ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት፣ እሱን እያየሁ ብቻ ይደክመኛል። አንድ ቀን ሲኒዬን በመለኪያ ለካሁት፣ 2 ኦንስ ይይዛል። ከዛ ስልኬ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አላርም ሞላሁ፣ ሲጮህ አንድ ሲኒ እቀዳለሁ፣ አልጨልጠውም፣ አስርና አስራ አምስት ደቂቃ እየያዝኩ በትንሽ በትንሹ እፉት እላለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት 28 ሲኒ ነው፣ 56 ኦንስ ሆነ ማለት ነው፣ መረቁና ሼኩም ይቆጠራል ስለዚ 64ቱ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹን ሶስቱን አቦል ቶና በረካ እያልኩ ነበር የምጠጣው ሃሃሃ፣ ብቻዬን የማወራ እብድ መስዬ።

ውሃው ራሱ አልወርድ የሚልሽ ከሆነ ሙቀቱን ቀይሪ። በረዶ የገባበት ለኔ ደረቴ ላይ ይቆም ነበር፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ዝንጅብል ወይም ጦስኝ አፍልቼ አጣርቼ ስይዘው ነው የወረደልኝ፣ ሌላ ሰው ደግሞ በረዶ ካልሆነ አይሆንልኝም ይላል፣ ሞክሪው። ስኳርና ማር አታስገቢበት። ለስላሳና አምቦ ውሃ ጋዝ ስላላቸው ለጊዜው ይቅሩብሽ። ሲያልፍ የሚያምሽ ከሆነ ወይ ቶሎ ቶሎ ጨልጠሽ ጠጥተሻል ወይ ከምግብ ጋር ደርበሻል፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ምንም አትጠጪ፣ እዛ ቦታ አላርሙን ዝለዪው። ይሄን ሁሉ አድርገሽም የማይወርድ ከሆነ ግን ማበጥ ወይም መጥበብ ሊኖር ስለሚችል በቡና ሲኒ የሚፈታ ነገር አይደለም፣ ዶክተርሽ ማየት አለበት።

ፕሮቲኑ ላይ ስመጣ፣ ለኔ የተነገረኝ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው፣ በዚች ጨጓራ ከምግብ ብቻ አይሞላም። ሼክ ሲሸትሽ የሚያቅለሸልሽሽ ጣፋጩ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ እኔም ቫኒላ የሚባል ነገር እስከዛሬ አልወድም። ጣዕም የሌለውን ዱቄት ግዢ፣ ወተት የማይስማማሽ ከሆነ አይሶሌት የሚለውን (የወተት ስኳሩ አብዛኛው የወጣለትን)፣ እና የዶሮ ወይ የአጥንት መረቅ ውስጥ ጨምሪው። እሳት ላይ እያለ ግን እንዳታደርጊው፣ ይቋጠርና እንደተበላሸ ወተት ይሆናል፣ መረቁን አውርደሽ ጣት የሚያስገባ ያህል ሲበርድ ነው። ያው መረቅ ስለሆነ ጨው አለው፣ የኛ ምላስ ይቀበለዋል። አጃ ሾርባ ውስጥም ሞክሬዋለሁ፣ ቀጭን ሽሮ አልጫ ውስጥም። ሽሮ ብቻውን ፕሮቲን አለው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ በዚ ሰዓት የምትበያት አንድ ሲኒ ሽሮ ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ውሃና ዘይት ነው።

የሰርጀሪ ፕሮግራምሽ ወደ ለስላሳ ምግብ ካሳለፈሽ በኋላ አይብ ምርጥ ነው፣ ቤት የተሰራ፣ ቅቤ ሳይበዛበት። እንቁላል ለስለስ ብሎ ተጠብሶ (አንዱ 6 ግራም ነው)፣ ቱና፣ ወፍራሙ የግሪክ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ ምስር። በርበሬውን እኔ እስከ 8ኛው ሳምንት አልነካሁትም። እንጀራን 10ኛው ሳምንት ላይ ሞከርኩት፣ ሁለት ጉርሻ፣ እና ድንጋይ እንደዋጥኩ ነው የተሰማኝ፣ አፌ አረፋ የመሰለ ምራቅ ሞላ። እንጀራና ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ይላቁጣል፣ ቦታውን ይይዝብሻል። አሁን እበላለሁ ግን መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ ስጋው ወይ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራዋ። ከገበታ ላይ አብሬ መብላትም አቁሜያለሁ፣ የጋራ ትሪ ላይ ስንት እንደበላሽ አታውቂውም፣ መብዛቱንም ማነሱንም። ትንሽ ሰሃን ለብቻ።

ጉርሻ! እሱን ሳልነግርሽ። ከተሰራሁ በ3ኛው ወር ላይ ክርስትና ተጠርቼ አክስቴ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብለው የዶሮ ወጥ ጉርሻ አጎረሱኝ፣ እሳቸው አያውቁም እኮ፣ ያቺ ጉርሻ የኔ ሙሉ ምሳ ናት። አንድ ሲያጎርስ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ሊመጣ ነው። ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ስወጣ ሁሉም እርጉዝ ነኝ ብሎ ወስኖ ጠበቀኝ። (በነገራችን ላይ እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር ቆይ ይላሉ፣ ያገባሽ ከሆነ ለመከላከያው ጠይቂ፣ ክብደት ሲወርድ ድሮ እምቢ ያለሽ በድንገት ሊሳካ ይችላል።) እኔ ለሰው ሰርጀሪውን አልተናገርኩም ነበር፣ «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» ነበር የምለው፣ የጨጓራ መድኃኒት ያላመጣልኝ የለም፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ምናምን። ከሁሉም ግን ተልባው ጠቀመኝ፣ ከ2ኛው ወር በኋላ ተቆልቶ ተፈጭቶ በደንብ ተጣርቶ ቀጠን ሲል ከውሃ ይልቅ ይንሸራተትልኝ ነበር። ውሸቴ በዛች በኩል ተክሳኛለች።

ቫይታሚኑን አትዝለዪ፣ ብዙ አልልበትም፣ ብቻ አይረኑንና ካልሲየሙን አንድ ላይ አትዋጪ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቁ። አይረን በቡናና በሻይም አይወሰድም። እኔ ጠዋት ቡና ላይ እየዋጥኩት ስንት ወር አይረንሽ ዝቅተኛ ነው ስባል ነበር።

ጾሙን የጠየቅሽው ነገር አልነበረም ግን ሁዳዴ እየመጣ ስለሆነ ልበል። እኔ የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፣ ያሉኝ «ልጄ ታመሽ ነው፣ እንደ መድኃኒት ውሰጂው፣ ጸሎትሽን አታስታጉዪ» ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አልጾምኩም። በሁለተኛው ከሥጋና ከወተት ታቅቤ በአተር ፕሮቲን ጾምኩ ግን ሰዓት አልጠበቅኩም፣ ውሃማ በፍጹም። ሙስሊም እህቶቻችንም ረመዳን ላይ ቀኑን ያለ ውሃ መዋል ስለሆነ በራሳቸው ሳይወስኑ ሐኪማቸውንም የሃይማኖት አዋቂም ይጠይቁ።

አንቺ አሁን የጻፍሽው 3 ብርጭቆ፣ ብርጭቆሽ 8 ኦንስ ነው ብል 24 ኦንስ ነው፣ ከግማሽ በታች። ስለዚ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለፕሮግራምሽ ነርስ ደውዪ፣ «4ኛ ሳምንቴ ነው፣ በቀን 24 ኦንስ ብቻ ነው የሚገባልኝ» በያት፣ ቁጥር ስትነግሪያቸው ነው ቶሎ የሚሰሙሽ፣ «ትንሽ ደከመኝ» ካልሽማ እረፊ ይሉሻል። አንዳንድ ቦታ ቀጠሮ ይዘው ፈሳሽ በደም ስር ሰጥተው በዛው ቀን ይመልሱሻል። ቀን ሙሉ ምንም ካልረጋልሽ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይ ከቆመ፣ ስትነሺ ካዞረሽ፣ ትኩሳት ወይ ከባድ የሆድ ሕመም ወይ የግራ ትከሻ ሕመም ካለ፣ ሳትንቀሳቀሺ ልብሽ ከደለቀ ግን ደውሎ መጠበቅ የለም፣ መሄድ ነው።

እናትሽን ደግሞ አትቆጪያቸው። ከሩቅ የመጡት ልጃቸውን ሊያበሉ ነው፣ ስራ ስጫቸው። ገንፎውን ይተዉትና የአጥንት መረቁን እሳቸው ያውጡ፣ ስቡን ገፈው፣ ሲኒውንም እሳቸው ይያዙ፣ አላርሙ ሲጮህ «በሞቴ» ብለው ይስጡሽ፣ ያ በሞቴ ለዚ ነው የሚጠቅመው። ነገ ማታ ስንት ሲኒ እንደገባልሽ እዚሁ ስር ጻፊልኝ፣ 15ም ቢሆን ጻፊው።